ሸክላው ያዳነውና ወንፊቱ ያስቀረው

ከእንጦጦ አናት ቁልቁል የሚመለከት ሰው የአዲስ አበባን ታሪክ በዓይኑ ማንበብ ይችላል። በጆሮውስ? ምኒልክ በ1889 (ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ነጋሪት ሳይጎሰም፣ እምቢልታ ሳይነፋ አልቀረም። ያ ድምፅ ግን የሚይዘው መሣሪያ አላገኘምና እንደ ተራራው ጉም ተኖ ቀረ።

ድምፃችን መጀመሪያ በሸክላ የተቀረጸው በሰው አገር ነው። የምንጃሩ ተሰማ እሸቴ በ1908 ወደ ጀርመን የሄዱት የአውቶሞቢል ሙያ ሊማሩ ነበር፤ እዚያ ሳሉ ግን ዘፈናቸው ተቀረጸ። የኋላው ዝነኛ የእግር ኳስ ሰው ይድነቃቸው ተሰማ ልጃቸው ነው። እንግዲህ አዝማሪ አድማጩን እያየ እንዳሻው የሚያስረዝመውን ግጥም የዚያ ዘመን ሸክላ በአንድ ገጹ ከሦስት ደቂቃ ብዙም አያስኬደውም ነበር። ሸክላ ገና ከጅምሩ እያዳነም እየቆረጠም መጣ ማለት ነው።

ቀጥሎ የናስ መሣሪያ ተራ ሆነ። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥቱ ባንድ ሆኑ። ከዚያም ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስና ጦር ሠራዊት የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ። ጥላሁን ገሠሠና ብዙነሽ በቀለ ከክቡር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ወጡ። ሙዚቃው በመንግሥት ደመወዝ የሚኖር ነበር፤ ሸክላ የማሳተም መብትም ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር።

ይህን አጥር የጣሰው አምሃ እሸቴ የተባለ ባለ ሙዚቃ ቤት ወጣት ነው። ፈቃድ ሳይጠብቅ በ1969 ዓለማየሁ እሸቴን አስቀርጾ፣ ሸክላውን ውጭ አገር አሳትሞ አስመጣና ሸጠ። እስከ 1975 ድረስ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎቹ ብቻ ከ100 በለጡ። ማህሙድ አህመድም፣ ሙላቱ አስታጥቄም በዚህ በር አልፈዋል። አብዮቱ ሲመጣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የሌሊቱ ጭፈራ ቤት ጭር አለ፣ አምሃም ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ሸክላ በካሴት ተተካ። የቀረውም በየቤቱ ተጫጭሮና ተሰባብሮ አለቀ።

ታዲያ ማን ሰበሰበው? ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ! የማህሙድን «ኧረ መላ መላ» ሰምቶ ልቡ ተነካና በ1986 ዘፈኑ ቤልጅየም ውስጥ ታትሞ ወጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ፓሪስ በሚገኘው ቡዳ ሙዚክ በኩል «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ መድበል ጀመረ። የአምሃ ሸክላዎች እንደገና ነፍስ ዘሩ። የሙላቱ ሙዚቃ በ2005 የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገባ። በመድበሉ 27ኛ ቁጥር ላይም የተሰማ እሸቴ ድምፅ ከመቶ ዓመት በኋላ ተሰማ።

ለዚህ ሥራ ምስጋና እንንፈግ አንልም። ባይሰበሰብ ኖሮ እኮ ዛሬ የምንከራከርበትም ነገር አይኖርም ነበር! ነገር ግን መድበል ወንፊት መሆኑን አንርሳ። ሰብሳቢው የወደደው ያልፋል፣ ያልወደደው ይቀራል። ከ1969 እስከ 1975 ያሉት ዓመታት «ወርቃማው ዘመን» ሲባሉ የካሴቱ ዘመን እንደ ዝገት ተቆጠረ። ዋልያስ ባንድ «ቸ በለው»ን በ1977 ያወጣው በዚያው በጨለማው ወቅት መካከል አይደለም እንዴ? ደግሞስ መድበሉ ሊሰበስብ የሚችለው አስቀድሞ የተቀረጸውን ነው። የሚቀረጸው ደግሞ ባንድና ገንዘብ ያለበት ከተማ ነው። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ሸክም አዝለው ቁልቁል ይወርዱ የነበሩት እናቶች እንጉርጉሮ በየትኛው ሸክላ ላይ ይገኛል?

አምሃ እሸቴ በ2021 ዐረፈ። እሱን የሚያውቁ፣ በዚያ ዘመን ባንድ ውስጥ የነፉና የመቱ አዛውንቶች ግን ዛሬም አሉ። በየዘመዶቻችን ቤት አልጋ ሥር ካሴት አለ፣ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ የጠጣ ሸክላ አለ። እኛ ተማሪዎች ነን፣ ገንዘብ የለንም፤ ጆሮና እርሳስ ግን አለን። ማን ዘፈነው፣ ማን ነፋው፣ የት ተቀረጸ ብለን ጠይቀን እንመዝግብ። አለበለዚያ የሚቀጥለውንም መድበል ሌላ ሰው በሌላ ወንፊት ይነፋልናል።