ከቡሬ ያለፉት ግመሎች

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የሚያልቀው ሩቅ ነው፤ የሚጀምረው ግን በዚሁ በደጃችን በሚያልፈው መንገድ ነው።

በ1933 ዓ.ም. ጥምቀት በዋለ ማግስት፣ ጥር 12 ቀን፣ ካርቱም በስደት የቆዩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ የአገራቸውን መሬት ረገጡ፤ ከዚያም ቆላውን አቋርጠው ወደ በላያ ተራራ አቀኑ፤ ከእንግሊዛዊው ኮሎኔል ውንጌት ጋር ከመጣው ጦር ውስጥ ሱዳናውያን ነበሩበት፣ ስንቁንና ጥይቱንም የተሸከሙት የሱዳን ግመሎች ነበሩ። ግመል የአሸዋ ከብት ነው፤ ድንጋዩ ሲወጋው፣ ዳገቱ ሲጠናበት፣ የደጋው ብርድ ሲመታው ይንበረከካል፣ ከተንበረከከም አይነሣም። በሺህ ከሚቆጠሩት ብዙዎቹ በየመንገዱ ቀሩ። የካቲት 25 ቀን ጣሊያን የቡሬን ምሽግ ለቆ ወደ ደምበጫ ሸሸ፤ ሱዳናዊው ወታደርም አምስት ዓመት ዱር ካደረው ከጎጃም አርበኛ ጎን ሆኖ ተከተለው፤ ንጉሡም በእኛው አገር አልፈው መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ገቡ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ።

ከዚያም ዓመታት አለፉ፤ ያቺው ሱዳን ደግሞ ለሁለት ተከፍላ ደም ተቃባች፣ ሰሜኑና ደቡቡ 17 ዓመት ተዋጋ። በ1964 ዓ.ም. የአብያተ ክርስቲያናት ማኅበራት ሽማግሌ ሆነው አገናኟቸው፤ ለሱዳን መንግሥት አቤል አሌር፣ ለደቡቡ ኤዝቦኒ ሞንዲሪ ቀርበው አዲስ አበባ ተቀመጡ፤ ስብሰባውን ላይቤሪያዊው ቄስ በርጀስ ካር መሩት። ኢትዮጵያ ለራሷም አስባ ነበር፤ ሱዳን የኤርትራን አማፅያን ማስጠለሏን እንድትተው ትፈልግ ነበርና። ይህ ግን ውለታውን አያሳንሰውም፤ ጎረቤቱ ሲቃጠል ዝም ብሎ የሚተኛ የለም።

ደም ሲደርቅ ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌን የሚያስጨንቀው ካሣው አይደለም። ገዳይም ሆነ የሟች ወገን፣ ጠመንጃዬን ባስቀምጥ ማን ይጠብቀኛል ብሎ ይፈራል። የደቡቦቹም ጭንቀት ይኸው ነበር፤ ነገሩ በጦሩ ጉዳይ ላይ ደርሶ ተቋጠረ። ያን ጊዜ ወደ ንጉሡ ሄዱ፤ ንጉሡም ገቡበት፤ በደቡቡ የሚሰፍረው ጦር 12,000 ሆኖ 6,000ው ከደቡቡ ተወላጅ፣ 6,000ው ከሌላው እንዲሆን ተስማሙ። የካቲት 19 ቀን ውሉ ተፈረመ፤ መጋቢት 18 ቀን አኛኛ የተባሉት የደቡብ አማፅያን መሪ ጆሴፍ ላጉ ከጫካ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ አጸደቀው፤ ስደተኛውም ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቀዬው ተመለሰ፣ ጎጆውን ቀለሰ፣ ማሽላውን ዘራ፣ ልጅም ወለደ።

እርቁ 11 ዓመት ቆየ። በ1975 ዓ.ም. የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ኒሜሪ አፈረሱት፤ ጦርነቱም ተመለሰ። በእነዚያ የሰላም ዓመታት የተወለዱት ልጆች ለጉልበት ሳይደርሱ በእግራቸው፣ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት አውሬ እያለፉ፣ ድንበሩን ተሻገሩ፤ ባሮ ዳር፣ ጋምቤላ፣ ኢታንግ ላይ ደረሱና ተቀመጡ።