ሴፈሪኖ ሂሜኔዝ ማያ

ሴፈሪኖ ሂሜኔዝ ማያ (እ.ኤ.አ. 1861–1936)፣ በቅጽል ስሙ «ኤል ፔሌ»፣ በስፔን አገር ሮማ ከሚባለው ሕዝብ ከሂታኖ ወገን የተወለደ የበቅሎና የፈረስ ነጋዴ፣ በኋላም በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ብፁዕ የተባለ ሰማዕት ነው። በልጅነቱ ከቤተ ሰቡ ጋር ከመንደር መንደር እየዞረ ቅርጫት ይሠራ ስለ ነበር ፊደል ሳይቆጥር አደገ፤ ሆኖም በአራጎን ምድር ባርባስትሮ ከምትባለው ከተማ ከተቀመጠ በኋላ በጥረቱና በታማኝነቱ ስመ ጥር ነጋዴ ሆነ። በጎዳና ላይ ደም እየተፋ የወደቀን የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ፣ ሌላው ሁሉ ደዌውን ፈርቶ ሲሸሽ፣ እርሱ ደግፎ ወደ ቤቱ ቢያደርሰው፣ ባለጸጋው ቤተ ሰብ ስለ ውለታው የሰጠው ገንዘብ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከፈረንሳይ በቅሎ እየገዛ ለሚያመጣበት ንግድ መነሻ ሆነው። የተሰረቀ ከብት ገዝተሃል ተብሎ ቢከሰስም በፍርድ ነጻ ወጣ፤ ያፈራውንም ሀብት ለነዳያን ይመጸውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ፣ ለተያዘ ካህን ስለ ተከራከረ ታሰረ፤ መቁጠሪያውን እንዲተው ቢመከርም እምቢ ብሎ በነሐሴ ወር ተረሸነ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ1997 ብፅዕናውን ሲያውጁ፣ ከሮማ ሕዝብ ወገን ለዚህ ማዕርግ የበቃ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።