የፒያሳ ቧንቧና የቦርከና ቁልቁለት

በደሴ እምብርት ያለው ፒያሳ ስሙን የወረሰው ከወራሪ ነው፤ የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ይዞ በ1933 ሲባረር ቃሉ ቀረ። ከዚያ በፊት ደሴ የንጉሥ ሚካኤል መናገሻ ነበረች፤ በጦሳ ተራራ ሥር ተደግፋ ከምንጭ የተቀዳ ትጠጣ ነበር። የውኃ ዳኞቹ ያኔ ዓይንና ምላስ ነበሩ፦ የጠራና የማይሸት ከሆነ ጥሩ ነው። ቦኖና ቧንቧ ሲመጡ ይህ ዳኝነት እንኳ ወደ ኋላ ቀረ። ከተማው እያደገ ውኃው በፈረቃ ሲሆን፣ የቤቱ ሁሉ ጥያቄ «ውኃ መጣ?» የሚል ሆነ። ምን ይዞ መጣ ብሎ ለመጠየቅ ጄሪካን መሙላት ፋታ አይሰጥም። የከተማዋ የውኃ ታሪክ በአብዛኛው የመጠን ታሪክ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ዛሬም ያንን ልማድ ይዘን መቀጠላችን ግን አደጋ አለው።

አደጋው በቦርከና ቁልቁለት ላይ ጎልቶ ይታያል። ወንዙ የደሴን እድፍ ተሸክሞ ከ500 ሜትር በላይ ወርዶ ኮምቦልቻ ይደርሳል። እዚያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በደርግ ዘመን ቆመ፤ ቆዳ፣ ቢራና ብረታ ብረት አብረውት ተሰለፉ፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ከፋብሪካዎቹ ወደ ቦርከና በሚወርዱት ጅረቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ክሮሚየምንና ዚንክን የመሳሰሉ ብረቶችን አግኝተዋል። ተቅማጥና ኮሌራ በቀናት ውስጥ ራሳቸውን ያጋልጣሉ። ክሮሚየም ግን በጥቂቱ ሲሟሟ ቀለምም ሽታም የለው፤ ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ታዲያ ስንት ሲሆን ነው የሚጎዳው? የዓለም ጤና ድርጅት ለጠቅላላ ክሮሚየም ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ማይክሮግራም ነው። ካሊፎርኒያ በ2011 እ.ኤ.አ. ካንሰር ለሚያመጣው የክሮሚየም ዓይነት፣ ለክሮሚየም 6 ብቻ የጤና ግብ ስታወጣ 0.02 አለች፤ በ2024 ያጸደቀችው አስገዳጅ ጣሪያ ግን 10 ነው። ልዩነቱ የስሌት ስሕተት አይደለም። ግቡ የሚጠይቀው ጤናን ብቻ ነው፤ ጣሪያው ገንዘብንና የማጣሪያ ዘዴን አብሮ ይመዝናል። የእኛ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 90 ንጹሕ ውኃን ያነሣው የአገር አቅም እስከፈቀደ ድረስ ብሎ ነው። አቅምን ማስላት ነውር የለውም። ነገር ግን ጤና የሚፈልገው ቁጥር ለብቻው ካልተጻፈ፣ በአቅም ማነስ የተተወው ምን ያህል እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ጣሪያውም ቀስ በቀስ የደኅንነት ማረጋገጫ ይመስላል።

ቧንቧው ለቀናት በሚደርቅበት ከተማ ማይክሮግራም መቁጠር ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ውኃ ያጣ ሰው ያገኘውን ይጠጣል። ነገር ግን መለካት ማጣሪያ እንደ መትከል አይወደድም፤ ደግሞም አዲስ ጉድጓድ የት ይቆፈር የሚለውን የሚመልሰው ልኬቱ ነው። ሌላው ተቃውሞ ሳይንሳዊ ነው፦ ቆዳ የሚለፋበት ሌላው ዓይነት፣ ክሮሚየም 3፣ ነው እንጂ ክሮሚየም 6 አይደለም። እውነት ነው፤ ሆኖም ጀርም ለመግደል የምንጨምረው ክሎሪን ራሱ 3ን ወደ 6 ሊለውጥ ይችላል። የምንጠጣው የጉድጓድ እንጂ የቦርከና ውኃ አይደለም ለሚልም፣ በወንዝ ዳር ሜዳ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድና ወንዙ ብዙ ጊዜ በአሸዋና በጠጠር ይገናኛሉ። ከኮምቦልቻ በታች፣ በጨፋ ሜዳ፣ ከብት የሚያጠጣውና ማሳ የሚያለማው ገበሬ ደግሞ ከወንዙ የሚለየው ጠጠር እንኳ የለውም፤ ወንዙ እንደ ቧንቧው በፈረቃ አይቆምለትም።