የልብ ኮረንቲ፤ ከላይደን እስከ ደዶ

አክስቴ ከደዶ ወደ ጅማ የመጡት ቡናቸው ከተሸጠ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት እጃቸው ላይ ገንዘብ አልነበረም። ገና አርባ አልሞላቸውም፤ ልባቸው ግን ድንገት ተነስታ እንደ ከበሮ ትመታና ትንሽ ቆይታ ትተዋቸዋለች። ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እሳቸው የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ፣ መርማሪዋ ደግሞ አማርኛ ስለነበር አስተርጓሚ ሆኜ አብሬ ገባሁ። ደረታቸው፣ እጃቸውና እግራቸው ላይ ሽቦ ሲደረደር ክንዴን ያዝ አደረጉና «ኮረንቲ ሊያስነኩኝ ነው እንዴ?» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቅም ነበር። «አይ፣ ምንም አይሉዎትም» ብዬ አለፍኩት። ሁሉም ነገር በአምስት ደቂቃ አለቀ። ወረቀቱ ታየና «ደህና ነው፣ ምንም የለም» ተባልን። ከፍለን ስንወጣ አክስቴ በሩ ላይ ቆም ብለው «ምንም ከሌለ ታዲያ ገንዘቡ የምን ነው?» አሉ። ለዚህም መልስ አልነበረኝም።

እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከራሴ አልወጣ አሉ። ሳነብ ነው የመጀመሪያውን የለንደን ፓርላማም እንደጠየቀው ያወቅኩት። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሆነው በ1909 ነው። አውግስጦስ ዋለር የሚባል የፊዚዮሎጂ ሊቅ ጂሚ የተባለ ቡልዶግ ውሻውን በሊቃውንት ፊት አቁሞ የልቡን ኤሌክትሪክ አሳየ። ውሻው ተሰቃይቷል ብለው የተቆጡ ሰዎች ጉዳዩን ፓርላማ አደረሱት። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ መልስ ባጭሩ ይህ ነበር፦ ውሻው የቆመው ጨው የተጨመረበት ውሃ ውስጥ ነው።

በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። በዚህ ምርመራ፣ ማለትም በኢሲጂ፣ ወደ ሰው የሚገባ ኮረንቲ የለም። ኮረንቲው የሚመጣው ከራሳችን ነው። በልባችን የቀኝ የላይኛው ክፍል ያሉ ጥቂት ሕዋሳት በእያንዳንዱ ምት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት ይለቃሉ፤ ምልክቱ ወደ ታች ሲሰራጭ ልብ ይኮማተራል። ቆዳ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ የአንድ ቮልት አንድ ሺህኛ ገደማ ቢሆን ነው። የስልካችን ባትሪ ከ3 ቮልት በላይ መሆኑን አስቡ። የድሮው ጨው ውሃም ሆነ የዛሬው ጄል ሥራው አንድ ነው፤ ይህን ደካማ ምልክት ከቆዳ ላይ መቀበል።

ዋለር የሰውን ልብ ኤሌክትሪክ የመዘገበው ቀደም ብሎ በ1887 ነበር። የሚገርመው፣ ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ይጠቅማል ብሎ አላሰበም። መሣሪያው ቀርፋፋ፣ ምስሉም ብዥ ያለ ነበር። ያንን የለወጠው ቪለም አይንትሆቨን ነው።

አይንትሆቨን የተወለደው በ1860 በጃቫ ደሴት፣ ሰማራንግ ከተማ ነው። እኛ ጅማ አካባቢ ያደግን ሰዎች ጃቫ ስንባል መጀመሪያ የምናስበው ቡና ነው፤ ደቾች በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወስደው የተከሉት የአረቢካ ቡና ዘሩ ከእኛው ደቡብ ምዕራብ ጫካ የወጣ ነው። የልጁ አባት የጦር ሐኪም ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ እናቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ሆላንድ ተመለሰች።

አይንትሆቨን በላይደን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ የሠራው ማሽን ልቡ አንዲት ክር ነበረች። ከፀጉር የቀጠነች፣ በብር የተለበጠች የኳርትዝ ክር። እንዲህ ያለ ክር የሚሠራው የቀለጠ ኳርትዝ ቀስት ላይ አስሮ በመወርወር ነበር፤ ቀስቱ ሲበር ኳርትዙን እየሳበ ያቀጥነዋል። ክሯ በኃይለኛ ማግኔት መካከል ተወጥራ የልብ ምልክት በደረሳት ቁጥር ትንቀጠቀጣለች፤ ጥላዋ ፎቶ ይነሳል። ማሽኑ 270 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር፤ ሁለት ክፍል ይይዛል፣ አምስት ሰው ያንቀሳቅሰዋል። ታማሚው ሁለት እጁንና አንድ እግሩን ጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል።

ችግሩ ማሽኑ ያለው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ታማሚዎቹ ያሉት ደግሞ 1.5 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ሆስፒታል ነው። ማሽኑ አይንቀሳቀስ፣ የታመመ ሰውም አይጎተት። በ1905 አይንትሆቨን በስልክ ሽቦ ሁለቱን አገናኘ። ታማሚው ሆስፒታሉ ውስጥ እንደተቀመጠ የልቡ ምልክት ብቻ መንገዱን ተጓዘ። በ1924 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

በዚያው በ1905 ጅማን ይገዙ የነበሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር ናቸው። ጅማ የዛሬው ትልቅ ሆስፒታሏ የተመሠረተው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ያቋቋሙት ጣሊያኖች፣ ያቋቋሙትም ለወታደሮቻቸው ነበር። በ1983 የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተከፈተ፤ በ1999 ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ የኢሲጂ ማሽን በአንድ እጅ ይነሳል። ከደዶ ጅማ ደግሞ ሩቅ የሚባል አይደለም፤ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ከወረዳው ከተማ ወርዶ ወደ ጎጀብ ወንዝ አቅጣጫ ያለ ቀበሌ ለሚኖር ሰው ቁጥሩ ሌላ ነው። የላይደን 1.5 ኪሎ ሜትር እኛ ዘንድ ረዝሞ ይቆያል።

እዚህ ላይ ነው የአክስቴ ሁለተኛ ጥያቄ የሚመጣው። ገንዘቡ የምን ነው?

የወረቀቱ አይደለም። ወረቀቱ በደቂቃ ውስጥ ይወጣል፣ እያንዳንዷ ትንሽ ካሬ 0.04 ሰከንድ ትቆጥራለች። ዋናው ዋጋ ንባቡ ነው፦ ምቱ እኩል ነው ወይ? ምልክቱ መንገድ ላይ ተዘግቷል ወይ? የልብ ጡንቻ ደም አጥቷል ወይ? ይህን የሚመልስ የሰለጠነ ዓይን ነው። ለአክስቴ ግን ከምርመራው ክፍያ ይልቅ ሌላው ነበር የከበደው፦ የእሳቸውና የአጃቢያቸው ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ የቀረ የሥራ ቀን። እሱ ደረሰኝ የለውም።

ወረቀቱ የማይመልሰውም አለ። የተለመደው ምዝገባ የሚይዘው 10 ሰከንድ ያህል ነው። የሚነሳና የሚተው ምት በዚያች 10 ሰከንድ ካልተነሳ አይታይም። ኤሌክትሪኩን እንጂ በሮቹን ስለማያሳይም የልብ በር መጥበቡን ወይም ማፍሰሱን ለይቶ ለማወቅ ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። ይህ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚያስከትለው የሩማቲክ ልብ ሕመም የሚያበላሸው በሮቹን ነውና። ስለዚህ «ኢሲጂው ደህና ነው» ማለት «ልብዎ ደህና ነው» ማለት አይደለም። ለአክስቴ ይህን የነገራቸው አልነበረም፤ እኔም መጠየቅ አላወቅኩም። ምንም የለም ተብለው ለወራት ቤታቸው ተቀመጡ።

ሁለተኛ ጊዜ የመጡት ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዘው፣ በጤና መድን ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2011 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ እዚሁ ጅማ ዞን ያለችው የቡናዋ ሊሙ ኮሳ ነበረች። በመጀመሪያው ጊዜ ደብተሩ ነበራቸው፤ ሪፈሩን ዘለን በቀጥታ ስለሄድን ግን ከኪስ ነው የከፈልነው። ይህንንም ያወቅነው ዘግይተን ነው።

በዚያ ቀን ልባቸው እየመታች ነበር የደረሱት። ወረቀቱ ላይ ምቱ ሥርዓቱን ስቶ ታየ፤ ኢኮ ታዘዘ፤ አንዱ በር ጠቧል ተባለ። እንዲህ ያለ ምት ልብ ውስጥ ደም እያረጋ ወደ አንጎል ሊልክ ይችላል። አሁን መድኃኒት ይወስዳሉ፣ በየወሩም ፔኒሲሊን ይወጋሉ። መርፌው የሚሰጠው እዚያው ደዶ ነው።

ሁለቱም ወረቀቶች ከመድን ደብተሩ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ናቸው። ደህና የተባለውን የመጀመሪያውን ሊጥሉት ነበር። አይጣሉት አልኳቸው፤ ቀጣዩ ሐኪም አዲሱን የሚያወዳድረው ከአሮጌው ጋር ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት በሙቀትና በፀሐይ ስለሚደበዝዝ ሁለቱንም በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው። በሌላ ቀን ጅማ ያለ ሐኪም ሊያያቸው ሲፈልግ ላኩለት። አክስቴ ያን ሰዓት ቤታቸው ቡና እያፈሉ ነበር።