የንብረት ግብርና የትምህርት ቤት በጀት፤ የኤጅዉድ ወረዳ ክርክር ታሪክ

በዩናይትድ ስቴትስ ሕገ መንግሥት ውስጥ «ትምህርት» የሚል ቃል አይገኝም። በ1787 የተረቀቀው ይህ ሰነድ ስለ ጦር ሠራዊት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ፖስታ ቤት ሳይቀር ሲዘረዝር ስለ ትምህርት ቤት አንዳች ስላልተናገረ፣ ልጆችን የማስተማሩ ኃላፊነት ለየግዛቶቹ ተትቷል። ግዛቶቹም በበኩላቸው የሸክሙን ከፍተኛ ክፍል ለየአካባቢው የትምህርት ወረዳ አስተላልፈዋል። ወረዳው በገዛ ሥልጣኑ የሚሰበስበው ዋነኛ ገቢ በቤት፣ በመሬትና በንግድ ድርጅት ላይ የሚጣለው የንብረት ግብር ነው። ከዚህ ቀላል መስሎ ከሚታይ አሠራር ምን ዓይነት ልዩነት እንደሚመነጭ፣ በቴክሳስ ግዛት በሳን አንቶኒዮ ከተማ ተነሥቶ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው ክርክር ከሌሎች ሁሉ አብልጦ ያሳያል። (ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ከተባለበት በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአሠራሩ ሥር ጥንታዊ ነው። በ1647 የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ሃምሳ ቤተሰብ የሚኖርበት ከተማ ሁሉ አንድ መምህር እንዲቀጥር በሕግ አዘዘ። የአንድ መንደር ሀብት ከሌላው መንደር ሀብት እጅግ በማይራራቅበት በዚያ ዘመን መንደሩ የራሱን መምህር ራሱ መቅጠሩ ብዙ ቅሬታ አላስነሣም። ኋላ ግን ፋብሪካ፣ የባቡር ሐዲድና የነዳጅ ጉድጓድ በአንዱ ወረዳ ተተክለው በሌላው ሳይተከሉ ሲቀሩ፣ ያው ሕግ ሌላ ውጤት ማስከተል ጀመረ። በ1905 ኤልዉድ ከበርሊ የተባሉ የትምህርት አስተዳደር ሊቅ ስለ ትምህርት ገንዘብ አከፋፈል መጽሐፍ አሳትመው ልዩነቱን በቁጥር አሳዩ። ከእርሳቸውም በኋላ ብዙ ግዛቶች ዝቅተኛውን ወጪ የሚሸፍን የድጎማ መርሐ ግብር አቋቋሙ። የልዩነቱ ምንጭ ግን ሳይነካ ቀረ።

ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ፍጹም እንግዳ አይሆንም። በ1940 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የታወጀው የትምህርት ግብር የተጣለው በመሬት ላይ ሲሆን፣ መሬቱም ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ የተመደበ ነበር። ገቢው በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ታስቦ ነበርና፣ የትምህርት ቤቱ አቅም በከፊል በአፈሩ ለምነት ይለካ ነበር ማለት ነው። በሳን አንቶኒዮ ደግሞ በቤቱ ግምት ይለካ ነበር።

በግንቦት ወር 1968 በሳን አንቶኒዮ ምዕራባዊ ክፍል በሚገኘው የኤጅዉድ ወረዳ 400 ያህል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ትምህርት አቋርጠው ወደ ወረዳው ዋና ኃላፊ መሥሪያ ቤት በሰልፍ ሄዱ። አቤቱታቸው ስለ ፈራረሰው ሕንፃ፣ ስለ ጎደለው የትምህርት መሣሪያና ብቃት ስለሌላቸው መምህራን ነበር። ወላጆችም ተሰብስበው ጉዳዩን ሲመረምሩ በመጀመሪያ የጠረጠሩት የወረዳውን ሹማምንት ነው፤ ገንዘቡ የት ገባ የሚል ጥያቄ ነበራቸውና። ጠበቃው አርተር ጎክማን መዝገቡን ካገላበጡ በኋላ የነገሯቸው ነገር ግን ሌላ ነበር። ገንዘቡ አልጠፋም፤ ቀድሞውኑ አልነበረም።

ከወላጆቹ አንዱ ዲሜትሪዮ ሮድሪጌዝ በኬሊ የአየር ኃይል ሠፈር የቆርቆሮ ሥራ ባለሙያ የነበሩና በጦር ሠራዊት ያገለገሉ ሰው ናቸው። በ1968 ክሱ ሲመሠረት ስማቸው በመዝገቡ ራስ ላይ ሰፈረ። ብዙ የሠፈሩ ሰዎች ይሠሩበት የነበረው ይህ የአየር ኃይል ሠፈር የፌዴራል መንግሥት ንብረት በመሆኑ ለትምህርት ወረዳ ግብር አይከፍልም ነበር።

ፍርድ ቤቱ የመዘገባቸው የ1967/68 የትምህርት ዘመን ቁጥሮች በዝርዝር ሊታዩ ይገባል። ኤጅዉድ በ25 ትምህርት ቤቶች 22,000 ያህል ተማሪዎች የነበሩት ሲሆን ከመቶ ዘጠና የሚሆኑት የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ነበሩ። ለግብር የተገመተው ንብረት ለእያንዳንዱ ተማሪ ሲካፈል 5,960 ዶላር ይደርሳል። ነዋሪዎቹ በየ100 ዶላሩ ግምት 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም ይከፍሉ ነበር፤ ይህም በከተማው አካባቢ ካሉት ወረዳዎች ሁሉ ከፍተኛው መጣኔ ነው። በዚያው ከተማ፣ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ርቆ የሚገኘው የአላሞ ሃይትስ ወረዳ ደግሞ ለአንድ ተማሪ ከ49,000 ዶላር በላይ ንብረት ሲኖረው፣ መጣኔው 85 ሳንቲም ብቻ ነበር። ሁለቱም ለግዛቱ መሠረታዊ መርሐ ግብር ከሚጠበቅባቸው ድርሻ በላይ ለአንድ ተማሪ ያዋጡት ሲታይ ኤጅዉድ 26 ዶላር፣ አላሞ ሃይትስ 333 ዶላር ሆነ። አብልጦ የከፈለው ድሃው ነው፤ አብልጦ ያገኘው ሀብታሙ ነው።

ስሌት ለለመደ ባለሙያ ነገሩ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከመሆን አያልፍም። ወረዳው ሊወስን የሚችለው መጣኔውን ብቻ ነው፤ የሚባዛበትን የንብረት ግምት ግን አይወስንም። በመጣኔው የተገለጠው የወላጆች ጥረት የቱንም ያህል ቢበረታ፣ ግምቱ አነስተኛ ሲሆን ብዜቱ አነስተኛ ነው። ዳኛ ባይረን ዋይት በኋላ ይህንኑ በቁጥር አስልተውታል። በአውራጃው ከሁሉ የሚበልጠውን ገቢ ለማግኘት አላሞ ሃይትስ በየ100 ዶላሩ 68 ሳንቲም ቢያስከፍል ሲበቃው፣ ኤጅዉድ 5 ዶላር ከ76 ሳንቲም ማስከፈል ነበረበት። የግዛቱ ሕግ ደግሞ ለሥራ ማስኬጃ የሚጣለው ግብር ከ1 ዶላር ከ50 ሳንቲም እንዳያልፍ ይከለክል ነበር። እንግዲህ ድሃው ወረዳ ራሱን ሊያስጨንቅ ቢፈልግ እንኳ ሕጉ አይፈቅድለትም።

የግዛቱ ድጎማ ልዩነቱን ያጠብባል ተብሎ ይታመን ነበር። ይሁን እንጂ ከዚያ መርሐ ግብር ለአንድ ተማሪ ኤጅዉድ 222 ዶላር፣ አላሞ ሃይትስ 225 ዶላር ነበር ያገኙት። የድጎማው ስሌት የመምህራኑን ዲግሪና የአገልግሎት ዘመን የሚከተል በመሆኑ፣ የተሻሉ መምህራንን ለመቅጠር የቻለው ወረዳ የተሻለ ድጎማ ያገኛል። በ1968/69 ከኤጅዉድ መምህራን ከመቶ 47 ያህሉ በጊዜያዊ ፈቃድ የሚያስተምሩ ሲሆኑ በአላሞ ሃይትስ እንዲህ ያሉት ከመቶ 11 ነበሩ። ለድሃ ልጆች ታስቦ የሚሰጠው የፌዴራል ገንዘብ ለኤጅዉድ 108፣ ለአላሞ ሃይትስ 36 ዶላር ሆኖ ሲደመርበት ጠቅላላው 356 እና 594 ዶላር ደረሰ።

በታኅሣሥ 1971 ሦስት ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ፍርድ ቤት አሠራሩ ሰዎች በሕግ ፊት እኩል ጥበቃ የማግኘት መብታቸውን ይጥሳል ሲል ለወላጆቹ ፈረደ። ቴክሳስ ይግባኝ አለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም መጋቢት 21 ቀን 1973 በአምስት ድምፅ ለአራት ፍርዱን ሻረው። የብዙኃኑን አስተያየት የጻፉት ሉዊስ ፓወል፣ ዳኛ ከመሆናቸው በፊት የሪችመንድ ከተማ የትምህርት ቦርድ ሊቀ መንበር የነበሩ ናቸው። ትምህርት ከፍተኛ ዋጋ ያለው ቢሆንም በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የተረጋገጠ መብት አይደለም፤ የአካባቢ ሥልጣን ሊጠበቅ ይገባዋል፤ ገንዘብ ከትምህርት ጥራት ጋር ያለው ግንኙነትም በሊቃውንት ዘንድ አከራካሪ ነው አሉ። በ1954 የዘር ልዩነት ትምህርት ቤቶችን ያስቀረውን ክርክር በጠበቃነት የመሩት ተርጉድ ማርሻል የልዩነት ሐሳባቸውን በሰፊው ጽፈዋል። ገንዘብ ለውጥ የማያመጣ ከሆነ ሀብታሞቹ ወረዳዎች ይህን ያህል ለምን ይሟገቱለታል የሚለው ጥያቄያቸው እስካሁን አጥጋቢ መልስ ያገኘ አይመስልም።

ፓወል ስለ ገንዘብ የሰነዘሩት ጥርጣሬ ከባዶ የመነጨ አልነበረም። በ1966 በጄምስ ኮልማን መሪነት ወደ 600,000 የሚጠጉ ተማሪዎችን መርምሮ የወጣው የመንግሥት ሪፖርት፣ የተማሪው ውጤት ከትምህርት ቤቱ ሀብት ይልቅ ከቤተሰቡ ሁኔታ ጋር እንደሚቀራረብ ገልጾ ነበር። ግኝቱ ክብደት የሚሰጠው ነው፤ ነገር ግን ሪፖርቱ በአንድ ወቅት የነበረውን ሁኔታ ጎን ለጎን አነጻጸረ እንጂ፣ የድሃው ትምህርት ቤት በጀት ቢጨመር ምን እንደሚሆን አልፈተነም። የምሰሶውን ጥንካሬ ለማወቅ ጭነት ጭኖ ማየት የሚያስፈልገውን ያህል ይህም ፈተና ያስፈልገው ነበር። ፈተናው የመጣው ፍርድ ቤቶች ሳያስቡት በሰጡት ዕድል ነው።

በፌዴራል ደረጃ በሩ ከተዘጋ በኋላ ክርክሩ ወደየግዛቶቹ ሕገ መንግሥት ዞረ። ከሳን አንቶኒዮው ብያኔ 13 ቀን በኋላ የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በራሱ ግዛት ሕገ መንግሥት ላይ ተመሥርቶ የአከፋፈሉን ሥርዓት ሻረ። የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት በ1971 የሰጠውን ብያኔ በ1976 በግዛቱ ሕገ መንግሥት አጸና። ሆኖም ካሊፎርኒያ ውስጥ ነገሩ ባልተጠበቀ መንገድ ሄደ። በሰኔ 1978 ሕዝቡ በድምፅ ያጸደቀው 13ኛው ድንጋጌ የንብረት ግብርን ከግምቱ አንድ በመቶ፣ የግምቱን ዓመታዊ ጭማሪም ሁለት በመቶ ላይ ገደበ። ትምህርት ቤቶቹ ተቀራረቡ፤ ግን የተቀራረቡት ግዛቲቱ ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር ወደ ኋላ እየቀረች ነው። ምሁሩ ዊልያም ፊሸል ባለጸጎቹ የሚከፍሉት ግብር ለራሳቸው ልጆች መዋሉ ሲቀር ግብሩን ለመከላከል ምክንያት አጡ ሲሉ አብራርተውታል። ማብራሪያው ቢያከራክርም ቸል የሚባል አይደለም።

በቴክሳስ ኤጅዉድ ዳግመኛ ከሳሽ ሆነ። በ1984 የቀረበው ክስ በጥቅምት 1989 ሲወሰን የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ሥርዓቱን ሻሩት። በዚያን ጊዜ እጅግ ሀብታሙ ወረዳ ለአንድ ተማሪ 14 ሚሊዮን ዶላር ያህል፣ እጅግ ድሃው ደግሞ 20,000 ዶላር ያህል ንብረት ነበረው፤ ልዩነቱ 700 እጥፍ መሆኑ ነው። የግዛቱ ምክር ቤት ሕግ እያወጣ ፍርድ ቤቱ እየሻረ ከቆየ በኋላ፣ በ1993 ሀብታም ወረዳዎች ከተወሰነ ልክ በላይ ያላቸውን እንዲያካፍሉ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ፤ በ1995ም ጸና። ተቃዋሚዎቹ ከሀብታም ነጥቆ ለድሃ በሚሰጠው የእንግሊዝ ሽፍታ ስም «ሮቢን ሁድ» ብለው ጠሩት።

እነዚህ ብያኔዎች በየግዛቱ በተለያየ ጊዜ መሰጠታቸው ለተመራማሪዎች በላቦራቶሪ የማይገኝ ሙከራ ሆነላቸው። ኪራቦ ጃክሰን፣ ሩከር ጆንሰንና ክላውዲያ ፐርሲኮ በ2016 ባሳተሙት ጥናት ከ1955 እስከ 1985 የተወለዱ ልጆችን እስከ ጉልምስናቸው ተከተሉ። የአንድ ተማሪ ወጪ በአሥራ ሁለቱም የትምህርት ዓመታት አሥር በመቶ ሲጨምር፣ ልጆቹ በአማካይ ሲሦ ዓመት ያህል ጨምረው ተምረው፣ ሲያድጉም ሰባት በመቶ ያህል የበለጠ ደመወዝ አግኝተዋል። ውጤቱ ይበልጥ የጎላው ከድሃ ቤተሰብ በመጡት ላይ ነው። ገንዘቡ የዋለውም ለመምህራን ደመወዝ፣ በአንድ መምህር ሥር ያሉትን ተማሪዎች ቁጥር ለመቀነስና የትምህርት ዘመኑን ለማራዘም ነበር፤ በ1968 የኤጅዉድ ተማሪዎች በሰልፍ ከጠየቁት ብዙ የራቀ አይደለም።

ዲሜትሪዮ ሮድሪጌዝ በ2013 አረፉ። ክሱን ሲመሠርቱ በኤጅዉድ ይማሩ የነበሩት ልጆቻቸው፣ የግዛቱ ፍርድ ቤት ለወረዳው በፈረደበት ጊዜ ትምህርት ቤቱን ከለቀቁ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር።