ትርፍ ከአገር አገር የሚሻገረው እንዴት ነው? የእህትማማች ኩባንያዎች ግብይትና የሳዑዲ ዓረቢያ ሕግ

በሪያድ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው በደመወዙ ላይ የገቢ ግብር አይከፍልም። ከሱቅ ዕቃ ሲገዛ ግን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ከ5 ወደ 15 በመቶ ከፍ ያለውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላል፤ የሚያመልጥበትም በር የለውም። በከተማዋ የሚሠሩ የውጭ ኩባንያዎች ደግሞ በአብዛኛው ከትርፋቸው 20 በመቶ የገቢ ግብር ይጠየቃሉ። በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ ያለው ኩባንያ ግን ትርፉ በየትኛው አገር መዝገብ ላይ እንደሚታይ በተወሰነ ደረጃ ራሱ ሊወስን ይችላል።

አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በሪያድ የሚገኝ አንድ የውጭ ኩባንያ በዓመት 100 ሚሊዮን ሪያል ሸጠ፤ የዕቃውና የሥራው እውነተኛ ወጪ 60 ሚሊዮን ነው እንበል። ትርፉ 40 ሚሊዮን፣ ግብሩም 8 ሚሊዮን ሪያል ይሆናል። ዕቃውን የሚልክለት ግን ግብር በማይከፈልበት አገር የተመዘገበ እህት ኩባንያ ነው። እህት ኩባንያው የዕቃውን ዋጋ ከፍ አድርጎ ወጪው 90 ሚሊዮን እንዲደርስ ቢያደርግ፣ በሪያድ የሚታየው ትርፍ ወደ 10 ሚሊዮን፣ ግብሩም ወደ 2 ሚሊዮን ይወርዳል። ባለቤቱ አንድ ስለሆነ የጎደለበት ነገር የለም፤ የጎደለው የመንግሥት ግምጃ ቤት 6 ሚሊዮን ሪያል ነው። ይህ ስልት በባለሙያዎች ዘንድ ትራንስፈር ፕራይሲንግ ይባላል። በመሠረቱ እህትማማች ኩባንያዎች እርስ በርስ የሚሸጡበትን ዋጋ ማውጣት ማለት ሲሆን፣ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ችግሩ ዋጋው ከእውነተኛው ገበያ ሲርቅ ነው።

ገንዘቡ በሌሎች መንገዶችም ይወጣል፤ ለንግድ ምልክት መጠቀሚያ በሚከፈል ሮያሊቲ፣ በአስተዳደር አገልግሎት ክፍያና በብድር ወለድ። እዚህ ላይ የሳዑዲ ሕግ ልጓም አበጅቷል። ወደ ውጭ ከሚላክ ሮያሊቲ 15፣ ከአስተዳደር ክፍያ 20፣ ከወለድ 5 በመቶ ተቀንሶ ይያዛል፤ በአገሮች መካከል ያሉ የግብር ስምምነቶች ምጣኔውን ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ። ከላይ ያለው 30 ሚሊዮን በአስተዳደር ክፍያ ስም ቢወጣ የሚቀነሰው 6 ሚሊዮን ስለሆነ ኩባንያው አንዳች አያተርፍም። በወለድ ስም ከሆነ ግን ተቀናሹ 1.5 ሚሊዮን ብቻ ነው። በዕቃ ዋጋ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ተቀናሽ ፈጽሞ የለም።

ዕቃን በውድ ዋጋ ማስገባት የራሱ መዘዝ አለው፤ የጉምሩክ ቀረጡን ያሳድጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የዘካትና የታክስ መሥሪያ ቤቱ ከጉምሩክ ጋር ተዋሕዶ የዘካት፣ የታክስና የጉምሩክ ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ለወደብ የተነገረውና በግብር መዝገብ የተጻፈው ዋጋ ዛሬ የሚገኙት በአንድ ቤት ውስጥ ነው።

ዋናው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። እህትማማቾቹ ዝምድና የሌላቸው ነጋዴዎች ሊስማሙበት በሚችሉት ዋጋ እንዲገበያዩ ያዝዛል፤ ካልሆነ ባለሥልጣኑ ትርፉን እንደገና ያሰላል። የእርስ በርስ ግብይታቸው በዓመት ከ6 ሚሊዮን ሪያል የሚበልጥ ግብር ከፋዮች ዋጋውን ያወጡበትን መንገድ የሚያስረዳ ሰነድ መያዝ አለባቸው። ገቢያቸው ከ3.2 ቢሊዮን ሪያል የሚበልጥ ቡድኖችም በየአገሩ ያተረፉትንና የከፈሉትን ግብር ለይተው ያሳውቃሉ። ዘካት ከፋዮች ለጊዜው ከአብዛኛው ግዴታ ውጭ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ደንቡ እነርሱንም አካቷል።

በሌላ በኩል ሪያድ ኩባንያዎችን በማበረታቻ ትጠራለች። አካባቢያዊ ዋና መሥሪያ ቤታቸውን በግዛቱ የሚከፍቱ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ለዚሁ ተግባር በሚያገኙት ገቢ ላይ ለ30 ዓመት የገቢ ግብር አይከፍሉም። ባዶ ቢሮ ግን አይበቃም፤ በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ 15 ቋሚ ሠራተኞች መቅጠርና ውሳኔን በእርግጥ በዚያ መስጠት ይጠበቅባቸዋል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በታቦ ምቤኪ የተመራው ከፍተኛ ቡድን ለአፍሪካ ኅብረት ባቀረበው ሪፖርት፣ አህጉሪቱ በሕገወጥ የገንዘብ ፍሰት በዓመት ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደምታጣ፣ አብዛኛውም ከንግድ እንቅስቃሴ እንደሚመነጭ ገልጿል። የኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በተዛማጅ ድርጅቶች መካከል የሚደረግ ግብይት በገለልተኛ ዋጋ እንዲታይ ይደነግጋል። የውጭ ባለሀብት የሚቆጣጠረው ድርጅት ዕዳው ከካፒታሉ ሁለት እጥፍ ሲያልፍም፣ በትርፉ ዕዳ ላይ የከፈለው ወለድ እንደ ወጪ እንዳይያዝለት ገደብ አለ። የድርጅት ግብር በኢትዮጵያ 30 በመቶ ስለሆነ፣ ትርፍን የማሻገር ፈተናው በዚያ ከሪያድ ይልቅ ይበረታል።