ስለ አንድ ሸክላና ስለ ተመለሰ ስም

ስም ከመቃብር በላይ ነው ይባላል። መጽሐፍ የጻፈ፥ ሕንጻ ያቆመ፥ ዜማ የደረሰ ሰው ከሥጋው ዕድሜ አልፎ የሚቀርለት ነገር ቢኖር ሥራውና በሥራው ላይ የተጻፈው ስሙ ነው። ዳሩ ግን የብዙ ሰው ድካም በአንድ ሥራ ላይ በተጠራቀመ ጊዜ ከደከሙት መካከል የአንዱ ስም ሳይጻፍ፥ ወይም ከሚገባው በታች ተጽፎ መቅረቱ በየዘመኑ የታየ ነገር ነው። ያ ሥራ ዳግመኛ በሚታተምበት ጊዜ አሳታሚው ሁለት ነገር ለማድረግ ይችላል፤ አንደኛው ያረጀውን ማደስ፥ ሁለተኛው የተሳተውን ማቅናት ነው። ፊተኛው ገበያን ደስ ያሰኛል፤ ሁለተኛው ግን እውነትን ያስከብራል። ለዚህም ነገር ፒንክ ፍሎይድ የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ጓድ በ1973 ዓመት ያወጣው ሸክላ ታሪክ መልካም ምስክር ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ይህ ጓድ በ1965 በሎንዶን ከተማ ተቋቋመ። ስሙን ያወጣለት ሲድ ባሬት የተባለው ወጣት ሲሆን፥ ቃሉንም የወሰደው ፒንክ አንደርሰንና ፍሎይድ ካውንስል ከተባሉት ከሁለት ጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ዘፋኞች ስም ነው። የመጀመሪያው ረዥም ሸክላቸው በ1967 ወጣ። ነገር ግን የጓዱ መሪ የነበረው ባሬት አእምሮው እየታወከ ስለ ሄደ በ1968 ከጓደኞቹ ተለየ፤ በእርሱም ቦታ ጊታር መቺው ዴቪድ ጊልሞር ገባ። ከዚያ በኋላ ሮጀር ዋተርስ፥ ሪቻርድ ራይት፥ ኒክ ሜሰንና ጊልሞር አራት ሆነው ሥራቸውን ቀጠሉ። በእንግሊዝ አገር ስማቸው እየታወቀ ቢሄድም በአሜሪካ ግን ሸክላቸው ገና እምብዛም አይሸጥም ነበር።

በ1971 መጨረሻ ላይ ዋተርስ አንድ አሳብ አቀረበ። አሳቡም ሸክላው ከዳር እስከ ዳር አንድ ነገር እንዲናገር፥ ይህም የሰውን ልጅ የሚያስጨንቀውና ከአእምሮው የሚያወጣው ነገር እንዲሆን ነው። ስለዚህ የጊዜ መሮጥ፥ የገንዘብ ፍቅር፥ ጦርነት፥ እብደትና ሞት በተራ በተራ ተመደቡ፤ የተለያቸውም ጓደኛ ዕድል በዚህ ሁሉ ውስጥ እንደ ጥላ ይታያል። ግጥሙን ሁሉ የጻፈው ዋተርስ ነው። ሥራውም በሸክላ ከመቀረጹ አስቀድሞ በሕዝብ ፊት ተፈተነ። በጃንዋሪ 1972 በብራይተን ከተማ መጀመሪያ ባሳዩት ጊዜ የድምፁ መኪና ስለ ተበላሸ በመካከል ተቋረጠ፤ በሚቀጥለው ወርም ሎንዶን ውስጥ ሬይንቦው በተባለው ቴአትር ቤት አሳዩት።

የቀረጻው ሥራ ከሜይ 1972 እስከ 1973 መጀመሪያ ድረስ በአቢ ሮድ ጎዳና ባለው በኢ.ኤም.አይ. ስቱዲዮ ተፈጸመ። የድምፁ መሐንዲስ አለን ፓርሰንስ የሚባል ወጣት ነበረ። ስለ ገንዘብ በሚናገረው ዘፈን መግቢያ የሚሰማው የሳንቲም ጩኸት ለየብቻው ከተቀረጸ በኋላ፥ ድምፁን የያዘው ክር በመለኪያ እየተለካና እየተቆረጠ ተቀጣጥሎ የዘፈኑ ምት ሆነ። ስለ ጊዜ በሚናገረው መግቢያ የሚጮኹትን ሰዓቶች ፓርሰንስ ከአንድ የአሮጌ ሰዓት ሱቅ ቀርጾ አምጥቶአቸው ነበር። ዋተርስም ስለ ሞት፥ ስለ ጠብና ስለ እብደት ጥያቄ በካርድ ላይ እየጻፈ በስቱዲዮው ውስጥ ያገኘውን ሰው ሁሉ ይጠይቅ ጀመረ። ከተጠየቁት ዝነኞች የአንዳንዱ መልስ ሲጣል፥ የስቱዲዮው በር ጠባቂ የጄሪ ኦድሪስኮል ቃል ግን ገብቶ ቀረ። ስለ ሞት ከሚናገረው ክፍል መጀመሪያ ላይ ሞትን እንደማይፈራ በጸጥታ የሚናገረው ድምፅ የእርሱ ነው።

ከዚህ ሸክላ ውስጥ ታሪኩ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ይኸው ስለ ሞት የተደረሰው ክፍል ነው። መሠረቱን የጣለው ሪቻርድ ራይት ነው። በ1972 በየአዳራሹ ሲያሳዩት የሟችነት ክፍል እየተባለ ይጠራ ነበር፤ ራይት ኦርጋን ሲመታ ከቅዱሳት መጻሕፍት የተነበበ ቃል በክር ተቀርጾ ከኦርጋኑ ጋር ይሰማ ነበር። በኋላ ይህ አልበቃቸውም። ኦርጋኑን በፒያኖ ለወጡት፤ የንባቡንም ቃል ትተው ወደ ጨረቃ የሄዱት ጠፈርተኞች ከምድር ጋር የተነጋገሩትን በላዩ ሞከሩ። ይህም አልበቃቸውም። በመጨረሻ የቀረው ቃል የሌለው የሰው ድምፅ ነበረ።

ፓርሰንስ ሥራዋን ያውቅ ስለ ነበረ ክሌር ቶሪ የምትባል የ25 ዓመት ዘፋኝ እንድትጠራ አሳሰበ። እርስዋም በጃንዋሪ 21 ቀን 1973፥ እሑድ፥ ወደ ስቱዲዮው መጣች። ግጥም አልተሰጣትም፤ የምትከተለውም ዜማ አልተጻፈላትም። እንደ ዘፋኝ ልማድ ቃል ጣል ጣል እያደረገች ብትጀምር ቃሉ እንዲቀር ነገሩአት። በዚህ ጊዜ ራስዋን እንደ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ቆጥራ ድምፅዋን ለቀቀችው፤ አንዳንድ ጊዜ እንደ ሙሾ አውራጅ ከፍ እያለ፥ አንዳንድ ጊዜ እንደ ደከመው ሰው ዝቅ እያለ የሚሰማው ዜማ በዚያ ሰዓት ከእርስዋ የፈለቀ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ያህል ካዜመች በኋላ ሥራዋ የማይፈለግ መስሎአት ሄደች። የተከፈላት 30 ፓውንድ ነበር፤ የተለመደው ክፍያ 15 ሆኖ ቀኑ እሑድ ስለ ሆነ እጥፍ ተደረገላት። ድምፅዋ በሸክላው መግባቱን ያወቀችው ሸክላው ወጥቶ በሱቅ ስሙን ባየች ጊዜ ነው።

ሸክላው ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን፥ ማለት የጨረቃ ጨለማ ገጽ፥ ተብሎ በማርች 1973 ወጣ። በሽፋኑ ላይ ብርሃን በሦስት ማዕዘን መስታወት አልፎ ኅብረ ቀለም ሆኖ ሲወጣ የሚያሳይ ሥዕል ነበረበት። በአሜሪካም በኤፕሪል ወር የአንደኝነትን ቦታ አገኘ። አንደኛ ሆኖ የቆየው ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከ1973 እስከ 1988 ባለው ጊዜ ውስጥ በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ 741 ሳምንት ተቆጠረለት፤ ይህም ከ14 ዓመት ይበልጣል። በዓለም ሁሉ ከ45 ሚሊዮን በላይ እንደ ተሸጠ ይገመታል። በሽፋኑ ላይ ክሌር ቶሪ በዘፋኝነት ተጽፋለች፤ የድርሰቱ ባለቤትነት ግን ለራይት ብቻ ነበረ። የዘፋኝ ስም ምስጋና ነው፤ የደራሲ ስም ግን ርስት ነው፤ ሸክላው በተሸጠ ቍጥር ገንዘብ የሚያመጣው ሁለተኛው ነውና።

እንዲህ ያለ ሸክላ ደጋግሞ መታተሙ አይቀርም። ሠላሳ ዓመት በሞላው ጊዜ፥ በ2003፥ ጄምስ ገትሪ የተባለው መሐንዲስ ድምፁን ከፊትና ከኋላ እንዲሰማ አድርጎ አዲስ አቀናበረው፤ የሽፋኑም ሥዕል በመስኮት ላይ እንዳለ ባለ ቀለም መስታወት ሆኖ ታየ። ድምፁ ጠራ፤ ሽፋኑ አማረ፤ የደራሲው ስም ግን እንደ ቀድሞው ነበረ።

በሚቀጥለው ዓመት፥ በ2004፥ ክሌር ቶሪ ጓዱንና ኩባንያውን በሎንዶን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከሰሰች። ነገሩ በሁለት ወገን ሊታይ የሚገባው ነበረ። በአንድ ወገን በዕለት ክፍያ ለተጠራ ዘፋኝ የዕለቱ ክፍያ ሙሉ ዋጋው መሆኑ የሙያው ልማድ ነው፤ እርስዋም ተስማምታ ተቀብላለች፤ የፒያኖው ሥርዓትም ቀድሞ በራይት የተደረሰ ነው። በሌላው ወገን ግን ዘፋኝ የሚባለው ሌላ ሰው የደረሰውን ዜማ የሚያዜም ሲሆን፥ ለዚህች ሴት ያልተሰጣት ነገር ቢኖር ዋናው ዜማ ነው። ከአፍዋ የወጣው ቀድሞ በማንም ወረቀት ላይ አልነበረም። ያልተሰጣትን ካወጣች ደረሰች እንጂ አዜመች ብቻ አይባልም። ፍርድ ሳይሰጥ በ2005 ነገሩ በስምምነት አለቀ፤ የስምምነቱም ዝርዝር ለሕዝብ አልተገለጸም። የታየው ፍሬው ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሚታተሙት ላይ የዚያ ክፍል ደራሲነት ለራይትና ለቶሪ ሆነ። ከዚያች እሑድ እስከዚህ ድረስ 32 ዓመት አልፎ ነበር።

በ2011 በትልቅ ሣጥን ሆኖ የወጣው ዳግመኛ እትም ደግሞ ይህን ፍርድ ለጆሮ የሚያስረዳ ሆነ። በዚያ ውስጥ በ1972 በብራይተን በሕዝብ ፊት የተሰማው የሟችነት ክፍል፥ እንዲሁም ፓርሰንስ በ1972 ያቀናበረው፥ የዘፋኟ ድምፅ ያልገባበት፥ የጠፈርተኞቹ ንግግር ያለበት ሥራ አብሮ ታትሞአል። ብራና ተፍቆ ሁለተኛ በተጻፈበት ጊዜ የፊተኛው ጽሕፈት ደብዝዞ ከሥር እንደሚነበብ፥ እንዲሁ በዚህ እትም ሦስቱ ጽሕፈት በየተራው ይሰማል። መጀመሪያውንና መካከለኛውን ሰምቶ ወደ መጨረሻው የሚደርስ ሰው የራይት መሠረት ምን ያህል ጽኑ እንደ ነበረ ያውቃል፤ መሠረቱም በ1972 ዓመት ሙሉ ምን እንደ ጐደለው፥ ያንንም ማን እንደ ሞላው ያውቃል። ራይት ራሱ በ2008 ስለ ሞተ ይህን እትም አላየም። ስሙ ግን ከቶሪ ስም ጋር ጎን ለጎን ተጽፎአል፤ ከክብሩም የጐደለ ነገር የለም።

በ2023 አምሳ ዓመት ሲሞላው ሸክላው እንደ ገና በገትሪ እጅ ታድሶ ታተመ፤ ዋተርስም ሥራውን ሁሉ ያለ ቀድሞ ጓደኞቹ ለራሱ ደግሞ ቀርጾ በዚያው ዓመት አወጣው። ለሚመጣው መታሰቢያም ሌላ እትም መምጣቱ የማይቀር ይመስላል። መኪናው እየተሻሻለ ስለ ሄደ ድምፁን ከቀድሞው ይልቅ ማጥራት ቀላል ሆኖአል። በሽፋኑ ጀርባ በደቃቅ ፊደል አንድ ስም መጨመር ግን ከ1973 እስከ 2005 ፈጅቶአል፤ ከታደሰውም ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው።